ጥቅሻ

መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋረድን፣
ስልኮቻችንን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍን፤
ብርሃን አይወድም የእኛ ሥራ፣
የኮሪደሩን አምፖል እንኳ እንደ ሌባ የሚፈራ።
ከውጭ ሐዋሳ አለች፣ ከነባጃጇ ጩኸት፣
ከውስጥ አንዲት ሕዋስ፣ ላሚሶና እኔ፣ ጸጥታና ሙቀት፤
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ልክ እንደ ሰው ገላ፣
ትንሽ ከበረዳት ዝም ትላለች፤ ወሬ የላትም ከዚያ በኋላ።

ነጥቦቹን ትናንት አዘጋጀን። ካንዲት ጤፍ ወገብ ላይ መቶ ሺው ቢሰለፍ
አንዱ ሌላውን አይገፋም፣ ከዳርም አያልፍ።
ሰማያዊ ጨረር ስናጠጣቸው ቀይ ይተፋሉ፣
ያልጠጡትን ቀለም ከየት እንዳመጡት እነሱ ያውቃሉ።
በየጀርባቸው አንዲት መልእክት አሰርን፣
«እደጊ» የምትል ቃል፤ እስከ ሕዋሷ ደጃፍ አደረስን።

መጀመሪያ ምንም። ጥቁር ውሃ ነው፤
(ከሻሸመኔ ስንመጣ የምንሻገረው አይደለም፣ ሌላ ነው።)
ከዚያ ዳር ላይ አንድ ቀይ፤ ወዲያው ሁለት፤ ሦስት፣
ደጅ ጠኚ መሰሉ፣ ቀበሌ በር ላይ፣ ሰኞ ጠዋት።
በሩ ተከፈተ። ሽፋኗ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፤
አንዷን ዋጠ፤ መልእክቷን ከነፋኖሷ ወሰደ።

«ይቺኛዋስ?» አለ ላሚሶ፤ «ትበራለች፣ ትጠፋለች።»
«እሷማ ብቻዋን ናት፤ ብቻዋን ስለሆነች ትጠቅሳለች።
የተከማቹት አይጠቅሱም፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይበራል፣
መንጋ ሁልጊዜ የበራ ይመስላል።»
ፕሮፌሰሩ ነገ «ማንን ጠቀሳችሁ?» ይሉናል፣ እንደ ልማዳቸው፤
እሷ ናት የጠቀሰችን፤ እስቲ ምን ብለን እንንገራቸው?

ከዚያ ጠፋች።
አምስት ሰከንድ። አሥር። አልተመለሰች።
«ሞተች፣ ሌላ እንፈልግ» ብሎ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።
«ቆይ» አልኩት። ልቤ ግን ወደ መሳቢያው ነጎደ።

እናቴ ይርጋለም ናት። ካርድ አትሞላም ለወሬ፤
ማታ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ሚስኮል፦ «ደህና ነኝ ዛሬ።»
ሁለት ከሆነ፣ «ነይ» ማለት ነው። ሦስት ተባብለን አናውቅም።
ቃል የለበትም፤ ሳንቲም አይቆጥርም፤ እኔም ሌላ አልጠይቅም።
ከስክሪኑ ጥግ፣ ሁለት ከሃያ ሆኗል፤
መሳቢያው ቢበራ ባይበራ፣ ማን ያውቃል።

ሃያ ሦስተኛው ሰከንድ ላይ በራች።
እዚያው አይደለም፤ አስኳሉ ጥግ ደርሳ ተገኘች።
ለካ እኛ ሞተች ስንል
በጨለማው መንገድ እየሄደች ነበር።
ላሚሶ ጮኸ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ ምስሉ ተንቀጥቅጦ ተበላሸ።
ይሁን። ዓይናችን አይቷል።

ጨርቁን አንስተን መሳቢያውን ከፈትኩ።
አንድ።
ሁለት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ።
መልሶ ማውራት ደንባችን አይደለም፤
አንዴ አስጠራሁና
ዘጋሁ።