ሦስት ፊደል፣ ቅርያት ማልአኪ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ መንገዱ ተዘግቶ፣
የራሃቱ ፋይዝ ሾጣጣ ምልክቱን ከዳር ዳር ዘርግቶ፣
እኔ ተንበርክኬ አስፋልት እጠርጋለሁ፤
ጤዛ ካለ አይዝም፣ በእሳት አደርቃለሁ።

ቀለም አይደል ይኼ፣ ዝናብ የሚያጥበው፤
ከፋብሪካ ወጥቶ፣ ተቆርጦ የመጣ፣ ወፍራም ነጭ ቆዳ ነው።
ነበልባል ሲልሰው ላብ ላብ ይለዋል፣
አረፋ ያወጣል፣
ከጠጠሩ ቀዳዳ ሰርጎ እዚያው ይቀራል።

ስምንት ዓመት ይቆያል፣ ይላል አለቃችን፤
ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት የኖረ የለም ከመካከላችን።

በመጀመሪያው ወር «ቀስ በል» የሚል ቃል
ሰጡኝ፣ ሦስት ፊደል፦
ሄ፣ አሌፍ፣ ቴት ይባላል።
እኔም እንደለመድሁት ከግራ ጀመርሁ፣
ልክ እንደ ሀ ሁ፤
ጋዙን ለቀቅሁበት፣ አቀለጥሁት፣ ኮራሁ።

ፋይዝ መጣና አየው፤
ሳቁን ውጦ፣ «አስናቀው፣
ወደ ኋላ ለሚነዳ ነው እንዴ የጻፍኸው?»

እስኪነጋ ድረስ በመሮ ፈለፈልን፤
አንዴ የያዘ ነገር
ምን ያህል እንደሚከብድ ማላቀቁ፣ አየን።

ጥላው ዛሬም አለ። ፀሐይ ስታዘነብል
ብቅ ይላል ከአስፋልቱ፣ የተገለበጠው «ቀስ በል»።
ሾፌሮቹ አያነቡትም፤
ግን ፍሬን ይነካሉ፣ ለምን እንደሆነ ባያውቁትም።

ዛሬ ከቀኝ ነው።
የመስታወት ዱቄቱን እንደ ጨው በተንሁ፤
የቴትን ጠርዝ በመሮ ነካሁ፤
አልተነሳም።
«ያዘ?» አለኝ ፋይዝ፣ ሾጣጣውን እያነሳ።
«ይብረድ እስቲ» አልሁት።
የወተት መኪናው ከወዲያ ማዶ ጡሩንባ ይነፋል።