ከጠጠሩ በታች

ሥራዬ ቁጥር ነው፤ ጧት አሥራ ሁለት፣ ማታም አሥራ ሁለት፣
ከጉማራ ድልድይ ሥር፣ ከተተከለችው ነጭ ብረት
የውኃውን ቁመት አነባለሁ፤
በደብተር ጽፌ፣ ወር ሲሞላ፣ ባሕር ዳር ድረስ እልካለሁ።
አሥራ ዘጠኝ ክረምት እንዲህ አለፈ፤
ወንዙም አልዋሸኝ፣ እኔም አልዋሸሁ፣ የታየው ተጻፈ።

ባለፈው ጥር ግን አክስቴ አንጓች
ቢጫ ጀሪካኗን አንጠልጥላ፣ እንደ ልማዷ አሸዋ ጫረች።
በእኛ ዘንድ ከሚፈሰው አይቀዳም፤
ከብት የረገጠው፣ ልብስ የታጠበበት፣ ለጉሮሮ አይሰናዳም።
ከዳር ፈቀቅ ብሎ፣ አሸዋውን በእጅ ገላልጦ
መጠበቅ ነው እንጂ፣ ጉልበትን አጥፎ ተቀምጦ፤
ወንዙ ራሱ በሆዱ አጣርቶ
ይሰጥሃል ቀዝቃዛውን፣ ከሥር ከሥር አመንጭቶ።

ጫረች። ጠበቀች። እስከ ክርኗ ቆፈረች።
ጉድጓዷ ደረቅ አፏን ከፍታ መልሳ እሷን አየች።
ውኃው እዚያው ነው፣ ሁለት ክንድ ርቆ፣
ይሄዳል እየተንሿሿ፣ እንዳላወቀ አውቆ።
"አንተ የመንግሥት ሰው፣ ደብተርህ ምን ይላል?"
"ሰባ ሁለት ሴንቲ ነው፤ ከአምናም ትንሽ ይሻላል።"
"በቁሙ የሞተ ሰው አውቃለሁ፤ እየሄደ የሞተ ወንዝ ግን ዛሬ አየሁ"
ብላ ባዶ ጀሪካኗን አነሳች።

በየካቲት ከዩኒቨርሲቲ ትርሲት የምትባል ልጅ መጣች፤
ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ሰብስባ፣ መሀል ወንዝ ገባች።
ቀጭን ቱቦ በመዶሻ ከወለሉ ላይ ሰካች፤
ውኃ ሞላችበት፤ ሰዓቷን አየች።
ድሮ ቢሆን፣ አለችኝ፣ አንዴ እስክታስል ይሰርግ ነበረ፤
ቆሎዬን ቆርጥሜ ጨረስኩ፤ ቱቦው እንደ ሞላ ቀረ።
"ወንዝ የምታየው ብቻ አይደለም፤ ከታችም ወንዝ አለው፤
በጠጠር መሀል ይገባል፣ ይወጣል፤ የሚተነፍሰው በዚያ ነው።
አሁን ቀዳዳው ሁሉ ታፍኗል፤
እንደ ጎተራ ግድግዳ ተመርጓል።"

አንድ ጠጠር ነቅላ፣ ከሥሩ የወጣውን መዳፌ ላይ አኖረች፦
እንደ ሽሮ የላመ፣ በጣት መሀል የሚሾልክ ጭቃ።
የላመ የጣመ እንላለን፣ ልስላሴን ከደግነት ቆጥረን፤
ቋጥኝ ያላቆመውን ወንዝ የላመው አፈነብን።

ሙሄ ያሲን፣ ከወንዙ አፍ ላይ፣ ጣና ውስጥ መረብ የሚጥል፣
ይህን ብነግረው ዝም አለ፤ ቆይቶ "አሁን ገባኝ" ሲል
ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፦ ነሐሴ ላይ ሽቅብ የወጣው ዓሣ
እንቁላሉን ለጠጠር አደራ ሰጥቶ ነው የሚመለስ፣ የሚረሳ።
"እናቶቹ ይወርዳሉ፤ ከሲታ፣ ሆዳቸው ባዶ፤
ልጅ ግን የወረደ የለም ሦስት ዓመት፣ ከእናቱ ኋላ ነጉዶ።"

ማታ እጄን ታጠብኩ። ከጥፍሬ ሥር አልለቀቀም፤ ቀይ።
የማውቀው ቀይ ነው፤ የአባቴ ማሳ፣ ከጉብታው ላይ፣
ከወንድሜ ጋር ሽቅብና ቁልቁል ያረስነው፣
አንዲት ትልም ለመጨመር እርከኑን ያፈረስነው።
በየክረምቱ በድልድዬ ሥር ሲያልፍ
"ድፍርስ" ብዬ፣ በአንድ ቃል ብቻ፣ በደብተሬ የምጽፍ
እኔው ነበርኩ።

እንዳልረግመው አሳድጎኛል።
ፎገራ ሜዳ ያሉ ዘመዶቼ ሩዛቸውን በሱ ያበቅላሉ፤
"የላይ አገር አፈር በእግሩ መጣልን፣ ተመስገን" ይላሉ።
ደለል፣ ስምህን ማን አወጣው? ደለልከን እያባበልክ፣
አንዱን በሩዝ፣ አንዱን በቁጥር፣ ደህና ነው ደህና ነው እያልክ።

ዛሬ ጧት ሰባ አንድ ሴንቲ። ጻፍኩ።
ከጎኑ፣ ምንም በማይጻፍበት ኅዳግ፣
"የአንጓች ጉድጓድ፦ ደረቅ" ብዬ ጨመርኩ።
አለቃዬ ከባሕር ዳር ደወለ፤ "ይሄ ደግሞ በምን ተለካ?" አለኝ።
በክንድ፣ አልኩት።
በሴት ክንድ። እስከ ክርን።