ሳይተከል የበቀለው

ማንም አልተከለው። ከዕጣቢ ጋር ወጥቶ፣
በቀለ ከጓሮ፣ እዚሁ ቦሳ ቂጦ፣
የጅማን ዝናብ ጠጥቶ።
«ወንድ ነው፣ ቁረጠው» አሉኝ አባ ዲጋ፣
«አበባ ብቻ ነው፤ አያወጣም ዋጋ።»
መጥረቢያ አነሣሁ። ጨጓራዬ ነድዶ
ቁጭ አልኩኝ ከሥሩ፣ ላቤ ካገጬ ወርዶ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ራዊያ
«ለሆድ ድርቀት» ብላ ጻፈችልኝ፦ «ፓፓያ»።
ወረቀቱን ይዤ ፋርማሲ ዞሬያለሁ!
ሦስተኛው ላይ፣ ልጁ ሲስቅ ገባኝ፣ አፈርኩ፣ ተውኩ፣ ተመለስኩ።
«ይሄ ሂርማታ ነው ያለው፣ አባባ፣
ፋርማሲ ምን ያደርጋል? ገበያ ግባ።»

ገበያም አልገባሁ። በጥቅምት ማለዳ
አየሁ ከአንገቱ ሥር፣ ጡጫ የምታህል አረንጓዴ እንግዳ።
ከዚያ ሌላ፣ ሌላ፣ ግንዱን ተደግፈው፣
እንደ ነጂባ ልጆች፣ ስድስቱ ባንድ ብርድ ልብስ ታቅፈው።

ቢጫው ባንድ ጎኑ ቀስ እያለ ሲያበራ፣
ልክ እንደሚነጋ በጅረን ተራራ፣
ቆረጥኩት።
ውስጡ ጥቁር ፍሬ፣ ክሩ የተበጠሰ የሙስበሃ ዘለላ፤
ነጂባ ሳቀችብኝ፣ «ቁጠረዋ፣ በላ!»
ሎሚ ጠብ አድርጌ፣ በማንኪያ ዝቄ፣
ዓይኔን እጨፍናለሁ ዓለሙን ንቄ።
ጭማቂው በክርኔ ይወርዳል፤ አልጠርገውም።

ሆዴ ቀለል ብሎኛል። ሌሊት አልነሣም፤
የኪኒኑ ፌስታል የት እንዳለ እንኳ አላስታውሰውም።
«ወንድ ነው» ያሉት ሰው፣ ዛሬ ባጥር በኩል
ሳህን ይዘረጋሉ፤ እኔም ምንም ሳልል እቆርጣለሁ እኩል።

የላይኛዋን ግን አልነካም። ለሌሊት ወፍ ናት፤
እሱም ሆድ አለው እንደኔ፤
ይብላ፣ ይዳንባት።