ያልተሰፈረው ገብስ

ዱርሙሽ ነው ስሜ፤ ሲፈቱት «ቆየ» ነው።
እናቴ ያወጣችው ሁለት ወንድ ቀብራ ነው፤
ሞት በራችን መጥቶ፣ «ይህስ ቆይቷል» ብሎ
እንዲመለስ ነበር ባዶ እጁን አንጠልጥሎ።

ሰላሳ በጋ ሙሉ ሐቱሻን ቆፈርሁኝ፤
በአንበሳው በር ሥር ጋሪዬን ገፋሁኝ።
ሸክላን ከድንጋይ ጣቴ በዳበሳ ይለያል፤
ባለ ዲግሪው እንኳ «ዱርሙሽን ጥሩ» ይላል።

የዘንድሮው ግን ሌላ ነው።
ከግንቡ ጀርባ፣ ከቁልቁለቱ፣ የተመረገ ጉድጓድ፤
ጓዳ ሙሉ ገብስ፣ የጠቆረ እንደ ባሩድ፤
ሦስት ሺህ ዓመት አልፎት ማንም ሳይሰፍረው፣
እሳት አክስሎት፣ አፈር የከደነው።

ኑርሸን ሀኒም ተንበርክካ በወረንጦ አነሳች፤
መዳፏ ላይ አንዷን ፍሬ ለፀሐይ አሳየች።
«እየው ስንጥቁን፣ ጫፉን፤ የትናንት ይመስላል፤
እሳት ባይገባበት ይኼኔ በስብሶ አልቋል።»
ጎንበስ ብዬ አየሁት። አወቅሁት።
የእኛው ገብስ ነው፣
ልጅ ሆኜ እሸቱን በመዳፌ ያሸሁት።

የእኔ ማሳ ዘንድሮ?
ሚያዝያ ሳይዘንብ ሄደ፤ ግንቦት በበረዶ አጨደው፤
የቾሩም ባንክ ዕዳ ብቻ ነው የበቀለው።
ሚስቴ ሳቲ ጎተራውን እስከ ጥጉ ጠርጋ
አቧራ ታንገዋልላለች፣ ፍሬ ፍለጋ።
እዚህ ደግሞ ከእግሬ ሥር የአንድ ከተማ እህል፤
ቢፈጭ የማይቦካ፣ ቢዘሩት የማይበቅል።

«ለማን ነበር?» አልኳት።
«ለቤተ መንግሥት፣ ለመቅደስ፤
ለነጎድጓዱ አምላክ፣ ዝናቡን እንዲያፈስ።»
«ያረሰውስ?»
እሷ ትጽፋለች፦ የከረጢት ቁጥር፣ ቀን፣ ጥልቀት።
ቅጹን ገልብጬ አየሁ፤ ላራሹ ስም የለም ቤት።

ማታ ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ዶማው ትከሻዬን ሲከብደኝ፣
አንድ ነገር ገባኝ።
የተበላው ገብስ የት አለ? ጉልበት ሆነ፣ ልጅ ሆነ፤
ግንብ ሆኖ ቆመ፤ ቆሞ ቆሞም ፍርስራሽ ሆነ።
የቆየው ያኛው ነው፣ ማንንም ያላጠገበው፤
ሰው እጁን ሳይዘረጋ እሳት ቀድሞ የቆላው።
እናቴም ሁለት ጊዜ ነዳ ነው
እኔን ያቆየችው።

ቤት ገብቼ ስታጠብ፣ ከጥፍሬ ሥር አንዲት ጥቁር ፍሬ።
ሳቲ አየቻት። ከየት አላለችም።
በሁለት ጣቷ ይዛ ወረደች፤
ከጎተራው ወለል፣ ከመሃል፣ አኖረቻት።
«ባዶውን አይደር» አለች።

ነገ እመልሳታለሁ።
ኑርሸን ቁጥር ትሰጣታለች።
ዛሬ ግን ጎተራችን እህል አለው።