ሦስት ሸክላ፣ ያለ እኔ

ኔቪል ሦስት ሸክላ አወጣ፣ ለብቻው፤
ሦስቱንም ገዛሁ፣ ሦስቱንም በዋጋቸው።
ቅናሽ አልጠየቅሁም፣ በስጦታ አልወሰድሁ፣
ፕላስቲካቸውን ሳልቀድ ቁምሳጥን አናት ላይ አኖርሁ።
የመጀመሪያው አርባ አንድ ዓመት ሆነው።

ግሪምስቢ ነው ቤቴ፤ ዓሣ የሸተተ፣
መርከቡ ተሸጦ ወደቡ የሞተ።
እዚያ ነው አራታችን፣ በበረዶ ቤቱ ጓሮ፣
ኔቪል በጊታሩ፣ እኔ በከበሮ፣
ዴንዚል በጉሮሮው፣ አሞስ በቤዝ ገመድ፣
«ማዕበል ሰባሪ» ተብለን የወጣን ለመንገድ።
አንድ ቫን፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ለአራት ሰው የማይበቃ፣
ሊድስ ላይ የተኛን ብራድፎርድ ላይ ስንነቃ፤
ነፋስ ሲያፏጭብን በበሩ ስንጥቅ፣
ኔቪል ከነፋሱ አፍ ላይ ዜማ ሲነጥቅ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ጠብ እንኳን አልነበረም፣
«ለብቻዬ ልሞክር» አለ። ማንም አልተቃወመም።
ሻይ ጠጣን።
ሂሳቡን ዴንዚል ከፈለ።
ዴንዚል ከፍሎ አያውቅም፤
ያኔ ነው የገባኝ፣ ነገሩ እንዳለቀ።

የመጀመሪያው ሸክላ፣ ልባሱ ላይ ፊቱ፣
ፊቱ ብቻ፣ ትልቅ፣ እስከ ሽብሽባቱ።
ሰዉ አወራልኝ፣ ሳልጠይቅ፣ በየመጠጥ ቤቱ፦
«በአንተ ቦታ ማሽን ነው ከበሮ የሚመታው፣
አይደክም፣ አይሰክር፣ ደሞዝ አይጠይቅ ጌታው!»
እኔም ሳቅሁ አብሬ።
ማታ ግን ጭኔ ላይ ጣቶቼ አልተኙም።

ሁለተኛው አልተሸጠም። ሦስተኛውን፣ እያዞረ፣
በብስክሌት ለየሱቁ ራሱ አደለ፣ ራሱ ቆጠረ።
አንዱን በሚስቴ እጅ አስገዛሁ፣ ተደብቄ።
ዊኒ ስትሰጠኝ ጠየቀች፦ «መቼ ነው የምትሰማው?»
«ሲሞት» አልኋት።
እሷ ቀደመችው።

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
ቤቱ ዝም ብሎ ዝም ብሎ ሲሰፋ፣
ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ወገቤን እየረገምሁ፤
ፕላስቲኩን በዓሣ ቢላ ቀደድሁ፣
መርፌውን አወረድሁ።
መርፌው ከእኔ ቤት ነው፣ ክሩ ከእሱ ጣት፤
የተተረተረው ሁሉ ሊሰፋ መጣ በሌሊት።

ማሽኑ ይቀጠቅጣል፣ እንደ ቆርቆሮ ፋብሪካ፤
ልክ ነው፣ አይስትም፤ ለካ
አለመሳት ነው የሚያሰለች።
ገለበጥሁት። ሁለተኛውን ጣልሁ።
ጊታር ብቻ። ማንቆርቆሪያ ሲፈላ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣
ከሥር ግን አንድ ነገር፣ ጫማ ወለል ሲያንኳኳ።
የግራ እግሩ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ ያ የተሰበረው፣
ሃል ላይ ከመድረክ ሲወድቅ፤ ከዚያ ወዲህ
ግማሽ ትንፋሽ ነው የሚዘገየው።
እኔ ነበርሁ ስዘገይለት የኖርሁ፣
ሕዝቡ እንዳያውቅ፣
እሱም እንዳያውቅ።

ሦስተኛው ሸክላ፣ አራተኛው ዜማ፣
ድንገት ቆመ፤ ምንም አይሰማ።
ተበላሸ ብዬ መርፌውን ላነሣ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ጊታሩ ተነሣ።
ደግሞ ቆመ። አራት። ደግሞ ተመለሰ።
ቁጭ አልሁ።
የእኔ ቦታ ነበር፣ ሳይዘጋ የተወው፣
ወንበር እንደሚተው በጠረጴዛ ዳር
ለሚዘገይ ሰው።

ዱላዎቼ የሉም፣ ለልጅ ልጄ ሰጥቼ፤
የዊኒን ሁለት ማንኪያ ከመሳቢያ አውጥቼ
ጠረጴዛውን መታሁት። ቀደምሁ። ሳትሁት።
መርፌውን መልሼ ደግሜ መታሁት።
በሦስተኛው ገባሁ።
ጎረቤቴ ሚስ ፕሪቻርድ ግድግዳዬን ደበደበች፣
ያለ ምቱ፤ እሷም እንደ አሞስ
ሁሌ ትዘገያለች።

ቅዳሜ ፋርማሲው ሰልፍ ላይ አለ፣ እንደ ልማዱ፣
እሱ ለደም ግፊቱ፣ እኔ ለጉልበቴ።
እስከ ዛሬ አንገት ነቅንቀን ነው የተላለፍነው።
ይቅርታ አልለውም። ናፈቅኸኝም አልል።
ጠጋ ብዬ፣ በደህናው ጆሮው፣
«አራተኛው ላይ» እለዋለሁ፣ «ሁለተኛው ዙር፣
ትሮጣለህ።»