ሁለቱም ጫፍ

ኒጋታ፣ ምድር ቤት፣ መብራቱ ጠፍቶ፣
አረንጓዴው መስኮት ብቻውን በርቶ፣
ሂሳኤ አጎነበሰች።
ከምስር በማይበልጥ የመዳብ ወንፊት
ከኩማጂሮ ሽንት የተወሰደች ጠብታ፣
ደርቃ፣ በዩራኒየም ተነክራ፣
በጥቁሩ መሀል ነጭ ክር አብርታ።

ሹሩባ አይደለችም፤ ጠምዝዘው የለቀቁት ጠፍር ናት።
ዙሯን ቆጠረች፦ አሥራ ስምንት።
የሚያሽከረክራት ጅማት ከውጭ አይታይም፤
በልብሷና በገላዋ መሀል ተኝቷል፣
ከቀሚስ ስር እንደታጠቁት መቀነት።

ከሩዝ ማሳው ውሃ፣ በተሰነጠቀ ተረከዝ ገብታ፣
ሰውየውን ያስተኛች፣ ዓይኑን ቢጫ ቀብታ።
ልትጠላት ፈለገች፤
ጣቷ ግን ምስሉን አጠራ። ታምራለች።

ከፎቶው ጀርባ ስሙን ጻፈች፣
በላጲስ አጥፍታ ቁጥር ተካች።
ልትለጥፈው ስትል አመነታች፤
ሁለቱም ጫፍ ቆልማማ መንጠቆ፤
የቱ ነው ላዩ?
የቱ ነው ታቹ?