መያዣ

ራዲም የሦስት ወር ኪራዬን ሳይከፍለኝ፣
አንድ ሌሊት ወጥቶ እባብ አስታቀፈኝ።
ባዶ ፍራሽ፣ ነጠላ ካልሲ፣ የመስታወት ሣጥን፤ መብራት በላዩ፣ እባብ ከታች፣
ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ «መያዣ ነው» ትላለች።

ስሙ ክኔድሊክ ነው፤ የተቀቀለ ሊጥ፣ ድቡልቡል፣
ሲፈራ ራሱን ቀብሮ እንደ ኳስ የሚጠቀለል።
ኦስትራቫ ውስጥ ስንቱን ተከራይ አሳልፌአለሁ፤
መያዣ ብዬ ሰዓት፣ ብስክሌት፣ አኮርዲዮን ይዣለሁ፤
የሚተነፍስ መያዣ ግን ይኸው ገና አሁን አየሁ።

አልነካውም ነበር፤ አይጡን አቀብለዋለሁ በረጅም መቆንጠጫ፣
እሱ መብላት፣ እኔ ማብላት፤ ሁለታችንም የለን ምርጫ።

በጥር፣ መስኮቱ ላይ ውርጭ ዳንቴል ሲሠራበት፣
እባቡ ከውሃ ሳህኑ አልወጣም አለ፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት።
ጠረጠርኩ? አልጠረጠርኩም። «ይታጠባ፣ ምን አገባኝ» አልኩ በኩራት።
ከዚያ ውሃ ልለውጥ ሳጎነብስ፣ ሳህኑ ሥር
የደቀቀ ቁንዶ በርበሬ መሰለኝ፣ የሰመጠ፤
መነጽሬን ሳደርግ ቁንዶ በርበሬው እግር አውጥቶ ሮጠ።

ቅንቅን!
የዶሮ ቆጥ ሳይኖረኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅንቅን!
በአገጩ ስንጥቅ፣ በዓይኑ ጠርዝ፣ በቅርፊቱ ሥር ተሰግስጎ፣
ደም ጠጥቶ የጠቆረ፣ ሆዱን ከረጢት አድርጎ።

«አንቺን አይፈልጉም» አለ ሐኪሙ ሺሜክ በስልክ፣
«እሱን ግን ይጨርሱታል። ነይ፣ መድኃኒት አለ፣ የሚረጭ ልክ በልክ።
እሱ ብቻም አይበቃም፤ ፈትሺው ቤቱን ሙሉውን፣
ቅጠሉን፣ ጉማጁን፣ የተነጠፈለትን ልጡን።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ተገለበጠ ነገሩ፤
እባቡ ነው ከልጥ የሸሸ፣ ልጡ ውስጥ ነው ጠላት ማደሩ።

ልጡን በጆንያ ቋጥሬ በረንዳ ላይ ለውርጩ ሰጠሁት፤
ጉማጁን ምድጃ ከትቼ እንደ ዳቦ ጋገርኩት፤
የሣጥኑን ማዕዘን ሁሉ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት።
ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ፣ የመጣው እንዲታይ፣ የሞተው እንዲቆጠር።
«ምን ትጋግሪያለሽ?» አለች ጎረቤቴ ክቬቶስላቫ።
«እንጨት» አልኳት። በሯን ዘጋች፣ ቃል ሳትጨምር።

ቀረኝ ራሱ እባቡ።

ጓንት አጠለቅኩ። አወለቅኩ። በጓንት ዓይን አይጠረግም።
ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እጄ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ አላውቅም።
አነሣሁት። ቀዝቃዛ፣ ሙልጭልጭ ይሆናል ብዬ ነበር፤
ደረቅ ነው፣ ለብ ያለ፤
የአባቴ ቀበቶ፣ መምታቱን የተወ ነበር።

ለብ ባለ ውሃ ነከርኩት፤ ክንዴ ላይ ዞረ፣ አጠበቀ፤
ልቤ እስከ ጉሮሮዬ መጥቶ ቆየና ተመልሶ ጠለቀ።
ጥጥ ዘይት አስነክቼ፣ ከዓይኑ ዙሪያ አንድ በአንድ ለቀምኩ፤
እስከ ሠላሳ አንድ ቆጥሬ፣ ከዚያ ቆጠራውን ተውኩ።
የዓይን ቆብ የለውም፤ አይጨፍን፤ ሲያመውም እንዲሁ ያያል፤
ማመስገን አያውቅ፣ መርገም አያውቅ፤ ምላሱ ብቻ ውልብ ይላል።

በሳምንቱ ደገምኩ፤ አንዷን ብትምሪ መቶ ትወልዳለችና።
በሦስተኛው ወረቀቱ ነጭ ነበር። አላመንኩም። አየሁት እንደገና።
በአራተኛው ቆዳውን ገፈፈ፣ ሙሉውን፣ ከነዓይኑ ሽፋን፤
እንደ ራዲም ካልሲ ባዶ። መስኮት ላይ ዘርግቼ ፈለግኩ፤
አንዲት ጥቁር ነጥብ አጣሁ።

በመጋቢት ራዲም መጣ፣ ፖስታ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ብሩን ቆጠርኩ፤ ሺህ ኮሩና ይጎድላል። አላነሣሁበትም ከቶ።
«ክኔድሊክስ?» አለ፣ አንድ እግሩን አስቀድሞ።
ደረቱን በመዳፌ አቆምኩት፤ መነጽሬን አደረግኩ፣
እጅጌውን ወደ ብርሃን ስቤ የኮቱን ስፌት ፈተሽኩ።
«ጫማህን እዚያው አውልቅ፤ እጅህን እስከ ክርንህ ታጠብ» አልኩ፣
«በነጩ ፎጣ አድርቅ። ፎጣውን አይቼ ነው የማስገባህ።»